የግንብ ላይዋ መድኃኒተኛ

አቴንስ ከተማ መካከል፣ ከአክሮፖሊስ ዐምባ አናት ላይ፣ ፕሮፒላያ የሚባል የዕብነ በረድ መግቢያ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ግንባታው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ437 ተጀምሮ እስከ 432 ዘለቀ። መሐንዲሱ ምኔሲክሊስ፣ አሠሪው ደግሞ የከተማዪቱ ዋና ሰው ፔሪክሊስ ነበር። ሥራው በተፋጠነበት ወቅት ከሠራተኞቹ ሁሉ ትጉህና ቀልጣፋ የተባለው ሰው እግሩ ከዳውና ከከፍታው ቁልቁል ወደቀ። ሐኪሞች አይተው ተስፋ ቆረጡበት። ፔሪክሊስ አዝኖ ሳለ የከተማዪቱ አምላክ አቴና በሕልሙ መጥታ መድኃኒቱን ነገረችው፤ በሽተኛውም ብዙ ሳይቆይ ድኖ ተነሣ።

ነገሩን እንዲህ አድርጎ የተረከው ፕሉታርክ ነው። የጻፈው ግን ሆነ ከተባለ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ነው፤ መድኃኒቱ ምን እንደ ነበረም አልነገረንም። ቅጠሏን የጠቆመን ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ77 እ.ኤ.አ. ገደማ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ የተፈጥሮ ታሪክ የተሰኘውን ግዙፍ ሥራውን ያዘጋጀው ሮማዊው ፕሊኒ ነው። በፕሊኒ አተራረክ የወደቀው ሰው ከፔሪክሊስ ቤት ተወልዶ ያደገና ጌታው የሚወደው ባሪያ ነው። አቴና ያሳየችውም መድኃኒት በጣራ ክዳንና በፍርስራሽ ግንብ ላይ የምትበቅል ተራ ቅጠል ናት።

የሥነ ዕፅዋት ሰዎች ዛሬ ፓሪዬታርያ ይሏታል፤ እኛ እዚህ የግንብ ቅጠል እንበላት። በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ አሮጌ ግንብ ያየ ሰው እሷንም አይቷል፤ ልብ ሳይላት አልፏት ይሆናል እንጂ። በድንጋይና በድንጋይ መካከል ኖራው ከተፈረፈረበት ስንጥቅ ትወጣለች። ግንዷ ቀላ ይላል፣ ተሰባሪ ነው። ቅጠሏ ጸጉራም ስለሆነ ልብስ ላይ ይጣበቃል። አበባ አላት ለማለት ጎንበስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ በቅጠሉና በግንዱ መጋጠሚያ ላይ የተሰበሰቡ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው። ዘሯ የሳማ ነው፤ ግን አትለበልብም። በእኛም አገር ደጋ፣ ጥላ ካለበት ዐለት ሥር የምትበቅል አንዲት ታናሽ ዘመድ አለቻት።

ፕሊኒ ስለ እሷ ሲጽፍ ለተሰበረ፣ ለተቀጠቀጠ፣ ከከፍታ ለወደቀ ወደር የላትም ይላል። ሠረገላ ለተገለበጠበት ሰው እንኳ አዝዟታል፤ የመኪና አደጋ መድኃኒት እንደ ማለት ነው። ዝርዝሩን ሲያዩት ከፔሪክሊስ ሠራተኛ ታሪክ ጋር ልክ የተገጠመ ነው። ታሪኩ ቅጠሏን አስከብሯት ይሁን ቅጠሏ ታሪኩን ስባው መለየት አይቻልም።

ከፕሮፒላያ ምሥራቃዊ ፊት፣ በደቡብ ጥግ ካለው ዐምድ ሥር፣ አንድ የሐውልት መቆሚያ ድንጋይ ዛሬም አለ። የተቀረጸበት ጽሑፍ ሐውልቱን አቴናውያን ለጤና ሰጪዋ አቴና ማቆማቸውን፣ ቀራፂውም ፒሮስ የሚባል አቴናዊ መሆኑን ይገልጻል። ፕሉታርክ ሐውልቱን ያቆመው ለተደረገለት ፈውስ ምስጋና ፔሪክሊስ ነው ብሏል። ድንጋዩ ላይ ግን የፔሪክሊስ ስም የለም፤ ስለ ወደቀ ሠራተኛም፣ ስለ ቅጠልም አንድ ፊደል አይገኝበትም። ሐውልቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ430 ጀምሮ ከተማዪቱን ከፈጀው ወረርሽኝ ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ፤ ለእኔም የሚቀርበው ይኸኛው ነው። ሰው መውደቁ አያጠራጥርም፤ ያን ያህል ዕብነ በረድ ወደ ላይ ሲጎተት የሚወድቅ አይታጣም። ቅጠሏ ግን ወደ ታሪኩ የገባችው ዘግይታ ይመስለኛል።

ፕሊኒ በላቲን በሚጽፍበት ዘመን፣ የዛሬዋ ደቡብ ቱርክ ውስጥ ባለች አናዛርቦስ በምትባል ከተማ የተወለደው ዲዮስቆሪደስ በግሪክኛ ስለ መድኃኒት ዕፅዋት አምስት መጻሕፍት ጽፏል። እሱ ሕልም አይተርክም። መልኳን፣ የምትበቅልበትን፣ የምትሠራውን በአጭሩ ይናገርና ወደሚቀጥለው ተክል ያልፋል። ቅጠሏ የምታቀዘቅዝና የምታኮማትር ናት ይላል። ተወቅጣ ስትለጠፍ ለቀላና ለጋለ የቆዳ እብጠት፣ ለቃጠሎ፣ ለኪንታሮት ትሆናለች። ጭማቂዋ ከነጭ የእርሳስ ዱቄት ጋር ተለውሶ አልማዝ ባለጭራን በመሰለ ቁስል ላይ ይቀባል። ከፍየል ሞራ ጋር ለሪህ ነው። ሥር ለሰደደ ሳል ከአንድ የቡና ስኒ የማይበልጥ ጭማቂ ይጠጣል፤ ቶንሲል ላበጠበት ይጉመጠመጡታል፤ ለጆሮ ሕመም ደግሞ ከጽጌረዳ ዘይት ጋር ይጨመራል።

ከእነዚህ ውስጥ እርሳሱ መርዝ ነው፤ ይህን ያዘዘ ሐኪም በሽተኛውን የጎዳው በቅጠሏ ሳይሆን በዱቄቱ ነው። ሌላው ለክፉ የሚሰጥ አይደለም። በጋለ ቆዳ ላይ እርጥብ ቅጠል መለጠፍ ለጊዜው ማብረዱ አይቀርም፤ ይህን ደግሞ የየትኛውም ገጠር እናት ታውቀዋለች። አንድ ነገር ግን ልብ ይሏል፦ በዲዮስቆሪደስ ዝርዝር ውስጥ ሽንትም ሆነ የኩላሊት ጠጠር የለበትም። ቅጠሏ በኋላ ስሟ የገነነበት ሕመም ገና አልመጣም።

የዲዮስቆሪደስ መጽሐፍ ከደራሲው አገር በላይ ዕድሜ አገኘ። በ512 ገደማ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ለአኒክያ ዩልያና፣ ለአንዲት ልዕልት፣ በሥዕል ያሸበረቀ ቅጂ ተዘጋጀላት። ከተማዪቱ በ1453 በኦቶማኖች እጅ ከገባች በኋላም ሐኪሞች ሲያገላብጡት ኖረው፣ ኅዳጉ ላይ የዕፅዋቱን ስም በዐረብኛና በዕብራይስጥ ሲጽፉበት ቆዩ። በ1569 ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚልያን 2ኛ ገዝቶ ቪየና አስገባው፤ አሁንም እዚያው ነው። ወደ ዐረብኛ የተመለሰው ደግሞ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ነው፤ እስጢፋን ኢብን ባሲል ተረጎመው፣ ታላቁ ሁነይን ኢብን ኢስሐቅ አረመው። በዚህ መንገድ የግሪክ ቅጠላ ቅጠል ዕውቀት ከባግዳድ እስከ ኮርዶባ ሄደ። በማላጋ ተወልዶ በ1248 ደማስቆ ላይ የሞተው ኢብን አል-በይጣር 1,400 ያህል መድኃኒቶችን ሲሰበስብ የዲዮስቆሪደስን ቃል እየጠቀሰ ነበር። የዐረብ ሐኪሞችና የጣልያን ገበሬዎች ቅጠሏን የመስታወት ቅጠል ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሻካራ ጸጉሯ ጠርሙስና ብርጭቆ ለማጠብ ይመች ነበር። ሮማውያንም ማሰሮ ይፈትጉባት እንደ ነበር በላቲን ከወጣላት ስም ይታያል። ከሐኪሙ ይልቅ ዕቃ አጣቢው እርግጠኛ ጥቅም አግኝቶባታል ብል ማጋነን አይሆንም።

ጣልያን ውስጥ ከኔፕልስ በስተደቡብ ሳሌርኖ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሕክምና ትምህርት ቤት እሷ ነበረች፤ የግሪክ፣ የዐረብ፣ የላቲን መጻሕፍት እዚያ ይገናኛሉ። እዚያ በተጻፈው ሰርካ ኢንስታንስ በተባለው የመድኃኒት መጽሐፍ ውስጥ የግንብ ቅጠል አዲስ ሥራ ይዛ ብቅ ትላለች። ሽንት ጠብ ጠብ እያለ ለሚያስቸግረው ወይም ጨርሶ ለተዘጋበት ሰው ቅጠሏ ተቀቅላ ትኩስ እንዳለች ከእምብርቱ በታች ትለጠፍለታለች። ከዚያ ወዲህ ኩላሊትና ፊኛ ከቆዳና ከሳል እየቀደሙ ሄዱ።

ለምን? አንደኛው መልስ ሙቀት ነው። ትኩስ ነገር ከሆድ በታች ሲደረግ የተኮማተረ ጡንቻ ይላላል፣ ሽንትም አንዳንዴ ይለቃል፤ ምስጋናውን ግን የወሰደችው ቅጠሏ ነች። ሁለተኛው መልስ በዘመኑ ሰው አእምሮ ውስጥ ነበር። እግዚአብሔር በእያንዳንዱ ተክል ላይ የሚፈውሰውን በሽታ ምልክት አትሞበታል የሚል እምነት ነበር፤ የኔፕልሱ ጃምባቲስታ ዴላ ፖርታ በ1588 ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞበታል። በዚህ ሚዛን ድንጋይ ሰንጥቃ የምትወጣ ቅጠል በሰው ሆድ ያለውን ድንጋይም ትሰነጥቃለች። ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ከሚጠሩባት ስሞች አንዱ ድንጋይ ሰባሪ የሚል ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ቅጠሏ ድንጋይ አትሰብርም፤ ሌላው የተወውን ስንጥቅ ትጠቀማለች እንጂ።

በ1597 ጆን ጄራርድ የተባለ የለንደን ቀዶ ጠጋኝና አትክልተኛ ባሳተመው ትልቅ የዕፅዋት መጽሐፍ ውስጥ የቅጠሏ ውኃ ለጠጠርና ለሽንት መቸገር እንደሚጠጣ ጽፏል። ሰፊው ሕዝብ ግን ያነበበው ኒኮላስ ካልፔፐርን ነው። ካልፔፐር በዘመኑ ከነበሩት ሐኪሞች ጋር የተጣላ ሰው ነበር። በ1649 የሐኪሞቹን ማኅበር የመድኃኒት መጽሐፍ ሳያስፈቅድ ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠው፤ ድሃ በደጁ በበቀለ ቅጠል ራሱን እንዲያክም ብሎ። በ1652 ደግሞ የራሱን የዕፅዋት መጽሐፍ በርካሽ ዋጋ አወጣ። የግንብ ቅጠልም እዚያ ውስጥ አለች። ለሳል፣ ለጠጠር፣ ለጥርስ፣ ለጆሮ፣ ለቁስል፣ ለማኅፀን ሕመም ያዛታል። ውኃ እየቋጠረ ሰውነታቸው ለሚያብጥ ሰዎች ደግሞ ጭማቂዋን ከማር ጋር አፍልተው አንድ አንድ ማንኪያ እንዲወስዱ ይመክርና፣ ይህን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ እያደረገ በዚያ በሽታ የተያዘ ሰው ካለ ወደ እኔ ይምጣ፣ በነጻ አክመዋለሁ ይላል።

እንዲህ ያለ ዋስትና የሰጠ ሐኪም ብዙ አይገኝም። ካልፔፐር መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1654 መጀመሪያ፣ በ37 ዓመቱ ሞተ፤ ማን በነጻ ሊታከም ይሄድበታል?

ሰው ለምን እንዲህ ባለ ቃል ይታመን እንደ ነበር ለማወቅ ሌላ የለንደን ሰው ማየት ይበቃል። ሳሙኤል ፒፕስ፣ በኋላ በዕለት ማስታወሻው ዝነኛ የሆነው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የፊኛ ጠጠር ያሠቃየው ነበር። በ1658 መጋቢት 26 ቀን፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ቶማስ ሆልየር ለሚባል ቀዶ ጠጋኝ ራሱን ሰጠ። ማደንዘዣ የለም፤ ኤተር ቀዶ ሕክምና ቤት የገባው በ1846 ነው። በሽተኛው ይታሰራል፣ ጎልማሶች ጥፍር አድርገው ይይዙታል፣ ቀዶ ጠጋኙ ከብልትና ከመቀመጫ መካከል በምላጭ ከፍቶ በመቆንጠጫ ይጎትተዋል። ዋናው ነገር ፍጥነት ነው። ከፒፕስ የወጣው ጠጠር የቴኒስ ኳስ ያህል ነበር ተብሏል። እሱ ግን ዳነ፤ ጠጠሩን ማስቀመጫ አሠርቶለት አኖረው፣ ያችን ቀንም በየዓመቱ ግብዣ እያደረገ አሰባት። በዚሁ ቢላዋ ሥር የቀሩት ብዙ ናቸው። ምላጩን የሚፈራ ሰው ከጎረቤት ግንብ ላይ ቅጠል ነቅሎ አፍልቶ ቢጠጣ ማን ይፈርድበታል? በዚያ ላይ ውኃው ብዙ ነው፤ ብዙ የጠጣ ብዙ ይሸናል፣ ትንሽ ጠጠርም በራሷ ጊዜ ትወርዳለች። የቅጠሏ ስም በእንዲህ ዓይነት ቀኖች ነው የተገነባው።

ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ዕፅዋትን ሁሉ በሁለት በሁለት ስም ሲሰይም አንደኛዋን ዝርያ የመድኃኒት ቤት ማለት በሆነ የላቲን ቃል ጠራት። በ1756 ደግሞ በፍልስጥኤም ምድር ዕፅዋት ላይ በወጣ ጥናት ሁለተኛዪቱን ዝርያ በይሁዳ ስም ጠራት፤ ዛሬ በሮም፣ በኔፕልስና በኢየሩሳሌም ግንቦች ላይ የምትታየው በአብዛኛው እሷ ናት።

ከዚህ በኋላ የሕክምና መንገድ ተቀየረ። በ1775 ዊልያም ዊዘሪንግ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም፣ ሽሮፕሽር ውስጥ አንዲት አሮጊት ስለምትሰጠው የቤተ ሰብ መድኃኒት እንዲፈርድ ተጠየቀ። መድኃኒቱ ካልፔፐር በነጻ አክማለሁ ላለው ለዚያው ለሰውነት ማበጥ ነው። ከ20 በላይ ቅጠላ ቅጠል ይገባበታል። ዊዘሪንግ ከመካከላቸው የሚሠራው ዲጂታሊስ የሚባለው ቅጠል ብቻ መሆኑን ገመተና ዐሥር ዓመት በበሽተኞቹ ላይ ሞከረ። በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ ከ150 በላይ ሕሙማንን አንድ በአንድ ቆጥሮ አቀረበ፤ የዳነውንም ያልዳነውንም፣ መጠኑ በዝቶበት የተመረዘውንም ሳይደብቅ። ዲጂታሊስ እስከ ዛሬ የልብ መድኃኒት ሆኖ የዘለቀው በዚህ ምክንያት ነው። የግንብ ቅጠል እንዲህ ያለ መርማሪ አላጋጠማትም፤ ለእኔ የሁለቱ ዕጣ የተለያየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱም የሕዝብ መድኃኒት ነበሩ። አንደኛው መዝገብ ተያዘለት፣ ሁለተኛዪቱ በዝና ቀረች።

ኬሚስቶቹ ጥቂት ደግፈዋት ነበር። በአሮጌ ግንብና በምድር ቤት ግድግዳ ላይ ነጭ ሆኖ የሚወጣው የባሩድ ጨው ዋጋ የነበረው ነገር ነው፤ በ1793 እና 1794 የፈረንሳይ አብዮተኞች ለጦርነቱ ባሩድ ሲቸግራቸው ሕዝቡ የየቤቱን ግድግዳ እየፋቀ እንዲያመጣ አድርገዋል። እዚያው ግድግዳ ላይ የምትኖረው ቅጠልም ይህን ጨው ትሰበስባለች። ይህ ጨው ደግሞ ሽንት ያመጣል፤ ሐኪሞችም የቅጠሏ ምሥጢር ይኸው ነው አሉ። ማብራሪያው አይጠላም፤ ጠጠር ትሰብራለች ለማለት ግን አይበቃም። ቢሆንም በ1931 የታተመው የሞድ ግሪቭ የዕፅዋት መጽሐፍ አሁንም ለጠጠርና ለእብጠት ያዛታል። በጣልያንና በስፔይን ገጠር የሚዞሩ የሥነ ዕፅዋት ተመራማሪዎችም አሮጊቶች ለኩላሊት ብለው ሲያፈሏት መዝግበዋል።

የመጨረሻው ክፍል የሚጀምረው ማንቼስተር ውስጥ ነው። ቻርልስ ብላክሊ የሚባል ሐኪም በየበጋው ዓይኑ እየቀላ፣ አፍንጫው እየፈሰሰ ይቸገር ነበር። የአበባ ብናኝ ሰብስቦ የራሱን ቆዳ ጫር እያደረገ ቀባበትና በ1873 ውጤቱን አሳተመ፦ ጥፋተኛው ብናኙ ነው። ከዚያ በኋላ የየአገሩ ሐኪሞች የየራሳቸውን ጥፋተኛ ተክል ፍለጋ ወጡ። በሜዲትራኒያን ዳርቻ ከተገኙት ዋነኞች አንዷ የግንብ ቅጠላችን ሆነች።

አሠራሯ ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ሰው ይታያል። በዚያች ኢምንት አበባ ውስጥ አራት የብናኝ ዘንጎች ወደ ውስጥ ታጥፈው ተቀምጠዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲነካት ዘንጎቹ በድንገት ይፈናጠሩና ብናኙን እንደ ጭስ ወደ አየር ይረጩታል። ብናኙ ከብዙ ተክሎች ብናኝ ያነሰ ስለሆነ በንፋስ ሩቅ ይሄዳል። ሙቀት ባለበት ባሕር ዳር ደግሞ ቅጠሏ ዓመቱን ሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ ታብባለች። በ1990ዎቹ የፓሌርሞ ተመራማሪዎች ሰውን የሚያስነጥሱትን ሁለት ዋና ዋና ፕሮቲኖች አጥንተዋል፤ ፓር ጄ 1 እና ፓር ጄ 2 ይባላሉ።

በ2004 ሰኔ 4 ቀን፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ኔፕልስ ላይ ነጎድጓዳማ ዝናብ ወረደ። በዚያች ግማሽ ሰዓት 6 ጎልማሶችና አንዲት የ11 ዓመት ልጅ ትንፋሽ አጥሯቸው ተያዙ፤ አንደኛው ለሞት ደርሶ ነበር። ሐኪሞች ሲመረምሩ ሁሉም ለግንብ ቅጠል ብናኝ አለርጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ዝናብና ንፋስ ብናኙን ሰባብሮ ወደ ሳምባ ጠልቆ የሚገባ አድርጎት እንደ ነበር ነው የሚታመነው። አውስትራሊያ ውስጥ ይህቺው ተክል ሲድኒ ገብታ በየአጥሩ ሥር ተባዝታለች፤ እዚያ የሚጠሯት የአስም አረም ብለው ነው።

ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ስለ ፈውሷ ሲነገርላት ኖሮ፣ በጥብቅ ምርመራ የተረጋገጠው አሁን የታየው ጉዳቷ ነው። ሮም፣ ኔፕልስ፣ ሃይፋ ወይም ኢየሩሳሌም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ ወቅቱ ሳይለይ የሚያስነጥሳችሁ፣ ደረታችሁን የሚያፍናችሁ ከሆነ የአለርጂ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ በቆዳ ላይ የሚደረገውን ምርመራ ጠይቁ፤ የፓሪዬታርያ ብናኝ እንዲታይላችሁም በስሟ ንገሩ። አስም ያለበት ሰው ነጎድጓድ ሲያጉረመርም መስኮቱን ዘግቶ ቤቱ ይቆይ። የኩላሊት ጠጠር ያሠቃየው ሰውም የመኪና ጭስ ከጠጣ የከተማ ግንብ ላይ ቅጠል ነቅሎ ከማፍላት ውኃውን አብዝቶ ይጠጣ፣ ሳይውል ሳያድርም ሐኪም ይየው።